ለግራጫው ዳይሬክተር ሲመረጥ

ዕጣው የደረሳት ጥርሷን እየቦረሸች ሳለ ነው። እጇ ላይ ያለው አምባር አንዴ ነዘራትና የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት «እንኳን ደስ ያለሽ ሶልያና» አላት። ሶልያና ሳትጉመጠመጥ መስታወቱን እያየች ቆመች።

«ለግራጫው አዲስ ዳይሬክተር ከሚመርጡት ዘጠኝ ዜጎች አንዷ ሆነሻል። ቅዳሜ ጠዋት በሐይቁ ዳር አዳራሽ ትገኛለሽ።»

ሌላ ሰው ቢሆን በደስታ ይዘል ነበር። ግራጫው አርባ ዓመት ሙሉ አገር የሚያየው የሰላይ ፊልም ነው። ሠላሳ ጊዜ ወጥቷል። አዲሱ በሚወጣበት ቀን ሐዋሳ ውስጥ ባጃጅ አይገኝም። ስም የለሹን ሰላይ መጀመሪያ የተጫወተው ሰውዬ ከሞተ ቆይቷል፤ ፊቱ ግን እስካሁን ሥራ አልፈታም። የሚያረጁትና የሚሞቱት ዳይሬክተሮቹ ብቻ ናቸው። አንዱ በሞተ ቁጥር ተተኪውን የሚመርጠው ሕዝብ ነው፤ ሕዝቡ የሚመርጠውም መጀመሪያ በልብ ምቱ፣ ቀጥሎ በእጁ ነው። አምባሩ ምቱን ያነባል፤ እጅ ደግሞ ይወጣል።

እምቢ ማለት ይቻላል። እምቢ ያለ ሰው ግን የልብ ደኅንነት ቢሮ ቀርቦ ምክንያቱን ያስረዳል። ሶልያና በዚያ ቢሮ ደጃፍ ማለፍ እንኳ አትፈልግም ነበር።

ዳቦ ልትገዛ ስትወርድ ደረጃው ላይ ጎረቤቷን ወይዘሮ ቤዛን አገኘቻቸው።

«ልብሽ እንዴት አደረ?»

«ደህና አደረ። የእርስዎስ?»

«የኔማ ምን ይሆናል! ሰማሁ እኮ፣ ግራጫውን ልትመርጪ ነው። ወይኔ፣ ነፍሱን ይማረውና ባሮክ ቢኖር ኖሮ!»

«አዎ» አለች ሶልያና። «በጣም ይወደው ነበር።»

ዳቦ ቤት ገብታ እንደ ሁልጊዜው ለአንድ ሰው ከሚበቃው ትንሽ ከፍ ያለ ዳቦ ገዛች። ቤት ስትመለስ በቀጥታ ወደ መኝታ ክፍሏ ሄዳ ስፌት ማሽኗ ላይ ተቀመጠች። ሶልያና መጋረጃ ሰፊ ናት። ማሽኑ ያለው ከቁም ሳጥኑ አጠገብ፣ ግድግዳው ሥር ነው። ቤቱ ይሰማል። ሁሉም ቤት ይሰማል። ማሽኑ ሲጮህ ግን ቤቱ ቃል መለየት ያቅተዋል፤ ስለዚህ ወንድምና እህት የሚነጋገሩት መጋረጃ ሲሰፋ ብቻ ነበር።

«ቅዳሜ ተጠርቻለሁ» አለች ፔዳሉን እየረገጠች።

«የት?» አለ ባሮክ ከግድግዳው ጀርባ።

«ግራጫውን ልመርጥ።»

የታፈነ ሳቅ ሰማች። «ዕድሜ ልኬን ስመኘው ላንቺ ይድረስ? ፊልሙ ካለቀ በኋላ ማን ማንን እንደገደለ የምትጠይቂው አንቺ?»

«አትሳቅ። ልቤን ነው የሚያዩት።»

ሳቁ ቆመ። በዚያው ቅጽበት ክሩ ተበጠሰና ማሽኑ ዝም አለ። ሁለቱም ዝም አሉ። ሶልያና ክሩን በምራቋ አርጥባ መርፌው ውስጥ እስክታስገባ ድረስ የሚሰማ ነገር አልነበረም።

ነገሩ የተጀመረው ዓምና ነው። የባሮክ ልጅ ሄራን በአምስት ዓመቷ በትኩሳት ሞተች። ለሐዘን የሚፈቀደው አርባ ቀን ነው። ከአርባ ቀን በኋላ ልቡ ያልተመለሰ ሰው ወደ ማረጋጊያ ይወሰዳል። ማንም እዚያ አይደበደብም፤ ምግቡም ጥሩ ነው ይባላል። የሚወጡት ሰዎች ፈገግ እያሉ ይወጣሉ፤ ያጡትን ሰው ስም ስትጠራላቸው ግን ትንሽ አስበው «ማን ነበር?» ይላሉ። ባሮክ ይህን አይቷል። ስለዚህ አርባው ቀን ሊሞላ ሲል ልብሱን ሐይቁ ዳር አጣጥፎ አስቀመጠ፣ አምባሩን ቆርጦ ውኃው ውስጥ ጣለና በጓሮ በር ወደ እህቱ ቤት ገባ። አምባሩ በማግስቱ በዓሣ አጥማጆች መረብ ወጣ። እድሩም ድንኳን ተከለ።

ሐዘን ላለበት ቤት ሕጉ ለሦስት ቀን የቤቱን ጆሮ ይዘጋል። ባሮክ የጂፕሰም ሠራተኛ ነበር። በእነዚያ ሦስት ቀናት ድንኳኑ ውስጥ ሰዉ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ሲያለቅስለት፣ እሱ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ለራሱ ግድግዳ ይሠራ ነበር። ለቅሶው ሲበረታ ይመታል፤ ለቅሶው ሲበርድ ያቆማል።

ስህተቱን የሠራችው ሶልያና ናት። በሁለተኛው ቀን የእድሩ ሴቶች ምሳ ሲያቀርቡ ወይዘሮ ቤዛ ሳህን ይዘው መጡና «ለማን ለማን ይቅረብ?» አሉ። ሶልያና ሌሊቱን አልተኛችም ነበር። «ለባሮክም አስቀምጡለት» አለች።

ድንኳኑ በአንዴ ተናወጠ። ደረታቸውን የመቱ አሉ። አንዲት ሴት ራሷን ስታ ወደቀች። ማንም አልጠረጠረም፤ ሐዘን አእምሮዋን አስቷት ነው ብለው ለሷም አለቀሱላት። ወይዘሮ ቤዛ ግን ወሬውን ገበያ ሲሄዱም ለቅሶ ሲደርሱም አወሩት። በጥቂት ወራት ውስጥ ያ ቃል ከተማውን ዞረ። የሞተባት ሁሉ «ለሱም አስቀምጡለት፣ እንዳለችው ሴትዮ» እያለች ታለቅስ ጀመር።

ቅዳሜ ጠዋት ሶልያና አዳራሹ ገባች። መቀመጫዎቹ ለስላሳ ናቸው። ውኃና ብስኩት ቀርቧል። ፊት ለፊት ካለው ሸራ ጎን ጥቁር ሰሌዳ አለ፤ ሰሌዳው ላይ ዘጠኝ ብርሃናማ መስመሮች ቀስ እያሉ ይርገበገባሉ። የሷ ሰባተኛው ነበር። የራሷን ልብ በአደባባይ ተሰቅሎ ስታየው አፈረች፤ መስመሩም ማፈሯን አሳየ።

አጠገቧ የተቀመጡት ጋሽ ሮቤል የሚባሉ ጡረታ የወጡ የጀልባ ነጂ ነበሩ። «አትፍሪ» አሏት። «የኔ እንደ ድሮ መንገድ ነው፤ ቢወጣም ቢወርድም የሚገርመው የለም።»

ስብሰባውን የሚመራው ከልብ ደኅንነት ቢሮ የመጣ ናሆም የሚባል ሰው ነው። ወጣት ነው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሲናገር ከሰው ፊት ይልቅ ሰሌዳውን የሚያይ። ደንቡን አነበበ። ሦስት ዕጩዎች እያንዳንዳቸው አንድ ትዕይንት ያሳያሉ። ልቦች ይነበባሉ። ልቡ ከሌሎቹ የተለየ ሰው ካለ ምክንያቱን ይናገራል፤ ድምፅ የሚሰጠውም መጨረሻ ላይ ነው። የተሸነፉት ትዕይንቶች ከነሙሉ ውይይቱ በማግስቱ ለሕዝብ ይለቀቃሉ። ያሸነፈው ግን ከተመረጠባት ደቂቃ ጀምሮ የግራጫው ምስጢር ነው።

«የምስጢር ሕጉን ታውቁታላችሁ» አለ ናሆም።

ያውቁታል። የሃያ ሁለተኛው ግራጫ መጨረሻ ከመታየቱ በፊት ሾልኮ የወጣ ጊዜ ሦስት ከተማ ውስጥ ሲኒማ ቤቶች ተቃጥለዋል። ከዚያ ወዲህ የግራጫውን ታሪክ የሚነካ ነገር ፊልሙ ሳይወጣ ማውራት፣ መጠየቅም ሆነ መመርመር ያሳስራል፤ ባለሥልጣንም ቢሆን። ሰው ምን በልቶ እንዳደረ በሚታወቅበት አገር የቀረ ምስጢር ቢኖር ይኸው ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ዕጩ ዮናታን ይባላል። ትዕይንቱ የመኪና ማሳደድ ነው። ግራጫው በገደል አፋፍ ላይ ይነዳል፤ ጎማው ድንጋይ ይፈነቅላል። ዘጠኙም መስመሮች ዘለሉ፤ የሶልያናም ዘለለ። ሁለተኛው ዕጩ ግራጫውን ዝናብ ውስጥ ረጅም ሰዓት አቆመው። መስመሮቹ ተኙ፤ ጋሽ ሮቤልም ተኙ።

ሦስተኛዋ ዕጩ አርሴማ ናት። ጸጉሯን የተላጨች፣ አምሳ ዓመት የሚጠጋት ሴት። ሸራው ላይ ድንኳን ታየ።

ግራጫው ለቀስተኛ መስሎ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጧል። ነጠላ አዘቅዝቋል። ከፊቱ ሰዎች ይበላሉ። አንዲት ሴት ሳህን ይዛ ወደ ሟቹ እህት ትጠጋና «ለማን ለማን ይቅረብ?» ትላለች። እህትዬዋ ቀና ብላ «ለሱም አስቀምጡለት» ትላለች። ድንኳኑ በለቅሶ ይናወጣል። ሁሉም ያለቅሳል። ግራጫው ብቻ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ማላመጥ ያቆማል። እህትዬዋ ዓይኗን ወደ ጓዳው በር ትወረውራለች። ግራጫው ያያታል። ሸራው ጨለመ።

ከተማው ሁሉ ያን ቃል ሰምቶ አልቅሷል። አርሴማ ግን ሰምታ አስባለች።

ሶልያና ገና ድንኳኑ እንደታየ መስፋት ጀምራ ነበር፤ በሐሳቧ። ማለቂያ የሌለው ነጭ ጨርቅ ዘርግታ ጠርዙን እያጠፈች፣ መርፌውን እየላከች፣ እየሳበች፣ እየላከች። ትዕይንቱ እስኪያልቅ ዓይኗ ሸራው ላይ ነበር፤ እሷ ግን ጨርቁ ላይ ነበረች። መብራት ሲበራ ሰሌዳውን አየች። መስመሯ እንደ ተኛ ሕፃን ጸጥ ብሏል። ተረፍኩ አለች በልቧ።

ከዚያ የሌሎቹን አየች። ስምንቱም ጣሪያ ነክተዋል።

«ወይዘሮ ሶልያና» አለ ናሆም። «ለመኪናው ልብዎ ዘለለ። ለዚህ ግን ተኛ። ለምንድን ነው?»

«እንቅልፍ ወስዷት ይሆናላ» አሉ ጋሽ ሮቤል። «እኔን ዝናቡ ላይ ወስዶኝ አልነበር?» ሰዎች ሳቁ። ናሆም አልሳቀም።

መዋሸት አይቻልም። ሰው ሲዋሽ መስመሩ እንዴት እንደሚሰበር ሕፃን ልጅ ያውቃል። ሶልያና እውነት የሆነ ነገር ፈለገች።

«ቃሉን ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ወንድሜ የተለቀሰለት ቀን።»

መስመሯ አልተሰበረም። አዳራሹ አጉረመረመ።

«ውይ፣ አንቺ ነሽ እንዴ?» ጋሽ ሮቤል እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጣሉ። «ሐይቅ የበላው የዚያ ልጅ እህት? እኔም እኮ በጀልባ ፈልጌዋለሁ። እግዜር ያጽናሽ።»

«ያጽናዎት» አለ ናሆምም። ቀጥሎ ግን «የራስን ሐዘን ያየ ሰው ልቡ ይነሳል እንጂ ይተኛል?» አለ።

አሁን ሁሉም ያዩዋታል። ዕጩዎቹም ያዩዋታል። ሶልያና ጥፋቱን ከራሷ ላይ አንስታ ፊልሙ ላይ መጣል ፈለገች።

«ትዕይንቱ ስህተት ስላለው ነው፤ አላመንኩትም» አለች። «እህትዬዋ ወደ ጓዳው በር አየች። አታይም። ሰው የደበቀ ሰው ወደ ደበቀበት አያይም።»

የተናገረችውን የሰማችው ከሌሎቹ ጋር እኩል ነው። ሰባተኛው መስመር እንደ ደነገጠ ወፍ ተነሳ። ጋሽ ሮቤል እጃቸውን ከትከሻዋ ላይ ቀስ ብለው አነሱ።

ናሆም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሌዳውን ትቶ ፊቷን አየ። «ይህን በምን አወቁ?»

«ዕጩ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይችላል አይደል?» አለች አርሴማ። ናሆም ተበሳጭቶ ዞረ፤ ደንብ ነውና ግን ፈቀደላት። አርሴማ ወንበሯን ወደ ሶልያና አዞረች። «ታዲያ ወዴት ታያለች?»

«ወደሚበሉት ሰዎች» አለች ሶልያና። «መብላት ያቆመ ሰው ካለ ለማየት።»

አርሴማ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ፊቷ ላይ ደስታም ርኅራኄም አልነበረም። ልብስ ሊቆርጥ ጨርቅ የሚለካ ሰው ዓይን ነበር።

«ድምፅ እንስጥ» አለ ናሆም። «ከወይዘሮ ሶልያና ጋር ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን። ለብቻ።»

እጆች ወጡ። አራት ሰዎች ዮናታንን መረጡ። «ግራጫው ከመኪና ወርዶ ለቅሶ ቤት ከገባ አበቃለት» አለ አንዱ። ጋሽ ሮቤልና ሌሎች ሦስት ሰዎች አርሴማን መረጡ። «እኔ እንዲህ አስደንግጦኝ አያውቅም» አሉ ጋሽ ሮቤል፣ ሶልያናን ሳያዩ። ቀሪው ድምፅ የሷ ነበር።

ዮናታን በትሕትና ፈገግ አለላት። ደግ ሰው ይመስላል። ቤተሰቧን አያውቅም፤ ጓዳዋ የሚያስገባው ነገር የለም። እሱን ብትመርጥ የዚህች ሴት ፊልም አይሠራም። ግን ነገ ጠዋት ድንኳኑም፣ እሷ የተናገረችውም፣ የተነሳው መስመሯም በየመስታወቱ ይታያል። ዛሬ ከሰዓት ደግሞ ናሆም ለብቻ ያነጋግራታል። እስከ ማታ ግድግዳው ይፈርሳል። በሚቀጥለው ወር ባሮክ ፈገግ እያለ ይመጣና የሄራን ስም ሲነሳበት ትንሽ ያስባል።

አርሴማ ፈገግ አላለችም። ይህቺ ሴት ታውቃለች። የምታውቀውንም ለአገር ልታሳይ ነው የመጣችው። ፊልም እስኪወጣ ግን ጊዜ አለ፤ እስከዚያ ድረስ ደግሞ…

ሶልያና እጇን አወጣች። «አርሴማን» አለች።

ጭብጨባ ሆነ። ዮናታን ተነስቶ አርሴማን ሳማት። ናሆም ጭብጨባው እስኪያልቅ በትዕግሥት ጠበቀና ወደ ሶልያና ተጠጋ። «አሁን ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ሰው የደበቀ ሰው፣ ያሉት ነገር…»

«ይቅርታ አቶ ናሆም» አለች አርሴማ ከኋላው። «እሱ የታሪኩ አካል ነው።»

«ምኑ?»

«ያሉት ሁሉ። ለቅሶው፣ ቤታቸው፣ ወንድማቸው።»

ናሆም ቀላ። «እኔ የምጠይቀው የልብ ደኅንነት ጉዳይ…»

«የግራጫውን ታሪክ እየጠየቁኝ ነው?»

ጋሽ ሮቤልም ሌሎቹም ናሆምን አዩት። እሱም አንድ ጊዜ እነሱን፣ አንድ ጊዜ ሰሌዳውን አየ። ምስክሮቹ ብዙ ነበሩ።

«መቼ ነው የሚወጣው?» አለ በመጨረሻ።

«እሱም ምስጢር ነው።»

ጋሽ ሮቤል በሳቅ ፈነዱ። ናሆም ዕቃውን ሰብስቦ ሲወጣ «እጠብቃለሁ» አለ፤ ለማን እንደሆነ ግን አልለየም።

ውጭ ፀሐዩ ሐይቁ ላይ ያብረቀርቃል። ሶልያና ግንቡ ላይ ተቀመጠች። አርሴማ መጥታ አጠገቧ ቆመች።

«አመሰግናለሁ ልበል?» አለች ሶልያና።

«አትበዪ። እኔ ፊልም ነው የምሠራው።»

«ታሳዪዋለሽ ማለት ነው።»

«ፊት መቀየር እችላለሁ፣ ከተማ መቀየር እችላለሁ። የሰማሁትን ግን አልተውም። ያን ቃል ከሰማሁበት ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።» ወደ ሐይቁ ዞረችና «መጨረሻው የለኝም» አለች። «ሰውየው ለምን እንደሚደበቅ አላውቅም። መምጣት አለብኝ።»

ያን ቀን ከሰዓት ሶልያና የማንንም መጋረጃ ሳይሆን ቁራጭ ጨርቅ ማሽኑ ሥር እያመላለሰች ለወንድሟ ሁሉንም ነገረችው።

«እስከ መቼ ነው ታዲያ?» አለ ባሮክ።

«ፊልሙ እስኪወጣ።»

«ሲወጣስ?»

ሶልያና ፔዳሉን ረገጠች።

አርሴማ በሳምንቱ፣ ረፋዱ ላይ መጣች። ብቻዋን ነበረች። የቤቱ በር ላይ የግራጫውን ማኅተም ለጠፈች፤ የቤቱም ጆሮ ተዘጋ። ወይዘሮ ቤዛ ማኅተሙን ደረጃው ላይ ሆነው አዩና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ወረዱ። እሳቸው እንኳ ምንም አልጠየቁም።

መኝታ ክፍሉ ውስጥ አርሴማ ግድግዳውን አየች። ጥሩ ሥራ ነው፤ መገጣጠሚያው አይለይም። ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና «ጤና ይስጥልኝ» አለች ወደ ግድግዳው። «ዳይሬክተሯ ነኝ።»

ማሽኑ ቆሟል። ባሮክ በጸጥታ ውስጥ መናገር ከተወ ብዙ ጊዜ ሆኖታል።

«ባሮክ፣ አሁን ማንም አይሰማም» አለች ሶልያና።

«እንዴት እንዳመለጥክ ንገረኝ» አለች አርሴማ። «ሐይቁን፣ አምባሩን። ግራጫው እንዴት እንደሚያገኝህ እኔ እጨርሰዋለሁ።»

«ስለ ማምለጥ የማወራው የለኝም» አለ ድምፁ። ሻካራ ነበር፤ ማሽን በሌለበት ለራሱም የሚያስደነግጠው ይመስል ቶሎ ቆመ። ቆይቶ «ስለ ሄራን ከሆነ አወራለሁ» አለ።

«ሄራን ማናት?»

ሶልያና ዓይኗን ጨፈነች። ከአርባው ቀን ወዲህ ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሰው ሁሉ ስለራሱ ልብ ፈርቶ ስሟን ይዘል ነበር፤ እሷ ራሷ እንኳ።

ከግድግዳው ጀርባ ጉሮሮ የመጥረግ ድምፅ ተሰማ። «ልጄ ናት» አለ ባሮክ። «ስትስቅ መጀመሪያ ታስነጥሳለች። ሁልጊዜ። አስነጠሰች ማለት ሳቋ እየመጣ ነው። እኔ እያወቅኩ አፍንጫዋን እነካላታለሁ…»

አርሴማ ከቦርሳዋ መቅረጫ አውጥታ ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ትንሽ ቀይ መብራት በራ። ሶልያና አየችው፤ አርሴማም ማየቷን አየች። አንድ ቃል ብትናገር፣ እጇን ብትዘረጋ፣ ወሬው ይቆም ነበር።

«…አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ ሆነን» ይል ነበር ባሮክ፤ ድምፁ ውስጥ ሳቅ ገብቶበታል።

ሶልያና ወንበሯን ወደ ግድግዳው አስጠግታ ማዳመጥ ጀመረች።